አለቃ የሌለው ዋይፋይ የለም፦ ሁለት ላፕቶፕ ያለ ራውተር ስለማገናኘት

ጥያቄው፦ «ሐረር ጀጎል ውስጥ ትንሽ የፎቶ ስቱዲዮ አለኝ። እኔ የምሰራው በአሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 7። ወንድሜ ከጎን ክፍል ሆኖ በአዲሱ ኤዲት ያደርጋል፤ ዊንዶውስ 11። እኔ ጋ ያለ 60 ጊጋ የሚሆን የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ወደ እሱ ማሻገር እፈልጋለሁ። ፍላሹ ቦታ እያለው ትልቁን ቪዲዮ አልቀበልም አለኝ። ራውተር የለኝም። የኢንተርኔት ፓኬጄም እንዲበላብኝ አልፈልግም። ለወደፊቱም ሁለቱ እንደተገናኙ ቢቆዩ ደስ ይለኛል። የድሮ ቪዲዮዎች ላይ አድ ሆክ የሚባል ነገር አይቼ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ብፈልገው አጣሁት። ሁለት ኮምፒውተር በቀጥታ በዋይፋይ ማገናኘት ይቻላል?»

ይቻላል። አድ ሆክን ያጣሽው ስላላወቅሽበት አይደለም፤ እዚያ ስለሌለ ነው። (እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አንቱታ አይሆንልኝም። በአንቺ ልቀጥል፣ ቅር አይበልሽ።)

በመጀመሪያ የፍላሹን ነገር ልገላግልሽ፣ ቀላል ነው። ፍላሽሽ ፋት 32 በሚባል አሰራር ፎርማት የተደረገ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ነጠላ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ ከሆነ አይቀበልም፣ 64 ጊጋ ባዶ ቦታ ቢኖረውም። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ካስቀመጥሽ በኋላ ኤክስፋት ብለሽ ፎርማት አድርጊው። ዊንዶውስ 7ም 11ም ያነቡታል። እንግዲህ ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ የቸገረሽ፣ ጣጣው እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ግን ሁለቱ ተገናኝተው እንዲቆዩ ፈልገሻልና ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

የዋይፋይ ደረጃ በፈረንጆች 1997 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ሁለት አይነት መንገድ ነበረው። አንዱ ሁሉም በአንድ መሃል ላይ ባለ መሳሪያ በኩል የሚነጋገርበት ነው። ዛሬ ራውተር እያልን የምንጠራው ያንን ስራ ነው የሚሰራው። ሁለተኛው አድ ሆክ ነበር፤ መሃል የለም፣ አለቃ የለም፣ ሁሉም እኩል ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒና 7 ላይ ከሜኑ ተመርጦ ይከፈት ነበር። ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ከሜኑው ወጣ። እውነቱን ለመናገር እኔ አላዘንኩለትም። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች አድ ሆክ ላይ ሲሆኑ ፍጥነታቸው ወደ ጥንቱ 11 ወይም 54 ሜጋቢት ይወርድ ነበር። ደግሞም በሆነ ባልሆነው ይቋረጣል።

ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የተለመደው አሰራር ሁሉ አለቃ ይፈልጋል። ሆትስፖት ስትከፍቺ የከፈተው መሳሪያ አለቃ ሆነ ማለት ነው። በ2010 የመጣው ዋይፋይ ዳይሬክት ስሙ «ቀጥታ» ይበል እንጂ እሱም ያው ነው። ሁለቱ መሳሪያዎች ገና ሲገናኙ ይደራደራሉ። እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 15 አንድ ቁጥር ይጠራሉ፤ ከፍ ያለውን የጠራ አለቃ ይሆናል። እንደ ጨረታ በይው። ስለዚህ «እንዴት በቀጥታ ላገናኝ?» ከማለት «ማንን አለቃ ላድርግ?» ብሎ መነሳት ይሻላል። አንቺ ጋ ለአለቃነት ሦስት እጩ አለ፦ አዲሱ ላፕቶፕ፣ አሮጌው ላፕቶፕ፣ ስልክሽ።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አዲሱን ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ሞባይል ሆትስፖት የሚል ነገር በሴቲንግ ውስጥ፣ ኔትዎርክና ኢንተርኔት ስር አላቸው። ትከፍቻለሽ፣ አሮጌው ያየዋል፣ ፓስወርድ አስገብተሽ ትገናኛለሽ፤ አለቀ። እስከ 8 መሳሪያ ይቀበላል። ያንቺ ችግር ግን ሌላ ነው። ይህ ሆትስፖት የተሰራው ኢንተርኔት ለማጋራት ነው። ላፕቶፑ ራሱ ከምንም ጋር ካልተገናኘ «የማጋራው ግንኙነት የለኝም» ብሎ እምቢ ይላል። ራውተር ስለሌለሽ ይህች መልዕክት መምጣቷ አይቀርም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ደርሶ ላፕቶፑ የተበላሸ ይመስለዋል። ደህና ነው።

አሮጌው በበኩሉ ሆስትድ ኔትዎርክ የሚባል አለው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ግን የሚከፈተው በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት እየተጻፈ ነው፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥርም እንደገና ማስጀመር አለብሽ። ለስቱዲዮ ስራ አልመክረውም።

ስልክሽ ቀረ። ለዛሬ ማታ እሱን ሹሚው። አንድሮይድ ከሆነ መጀመሪያ ሞባይል ዳታውን አጥፊ፣ ከዚያ ሆትስፖቱን ክፈቺ። ሁለቱንም ላፕቶፕ በዚያ ሆትስፖት አገናኚ። «ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ አትደንግጪ፣ የፈለግነውም እሱን ነው። ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ የሚሄደው ፋይል ስልኩን ረግጦ ያልፋል እንጂ ወደ ቴሌ አይወጣም። ከፓኬጅሽ አንዲት ሜጋ አይነካም። ዳታውን ከረሳሽው ግን ዊንዶውስ 11 ዕድሉን አግኝቶ አፕዴት ማውረድ ይጀምራል፤ ያኔ ፓኬጁን ደህና ሰንብት በይው። ዊንዶውስ 7ን ደግሞ ጭራሽ ከኢንተርኔት ማራቁ ጥሩ ነው። የደህንነት ጥገናው በጥር 2020 በፈረንጆች ቆሟል።

ሆትስፖቱ ሴቲንግ ውስጥ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ ፓስወርድ፤ ቢያንስ 8 ፊደል ይሁን። ጀጎል ውስጥ ቤት ከቤት ግድግዳ ይጋራል፤ የጎረቤት ልጆች ያለ ፓስወርድ የተከፈተ ሆትስፖት ካዩ አይምሩሽም። ሁለተኛ «ባንድ» የሚለው፣ የሞገዱ አይነት ማለት ነው፤ 2.4 ጊጋሄርትዝ ላይ አድርጊው። በዊንዶውስ 7 ዘመን የወጡ አብዛኞቹ ላፕቶፖች 5 ጊጋሄርትዝን አያዩም። «አዲሱ ያየዋል፣ አሮጌው አያየውም» እያሉ ወደኔ ከሚመጡት ግማሹ ችግሩ ይሄው ነው።

5 ጊጋሄርትዝ ቢሰራልሽም ላንቺ ቤት አይሆንም ነበር። የጀጎልን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። ለሙቀት እሰየው ነው፣ ለዋይፋይ ግን መከራ ነው። የ2.4ቱ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የ5ቱ ከዚያ ግማሽ አይሞላም። አጭሩ ሞገድ ፈጣን ነው፣ ግን ድንጋይ ሲገጥመው ቶሎ ይሸነፋል። እኛ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ በረንዳ ለበረንዳ የሚሰራው ነገር እናንተ ጋ አንድ ግድግዳ አልፎ ይጠፋል። ስለዚህ ስልኩን ግድግዳ ስር አታስቀምጪው። ሁለቱን ክፍሎች በሚያገናኘው በር ላይ፣ ከፍ አድርገሽ፣ ከብረት ቁም ሳጥን አርቀሽ አኑሪው። ሞገዱ በሩን ካገኘ ግንቡን መታገል የለበትም።

አሁን ተገናኙ። ወንድምሽ ጋ ግን ምንም አይታይም። እዚህ ጋ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ «ዋይፋዩ አይሰራም» የሚለው። ዋይፋዩ ስራውን ጨርሷል። መንገድ ተሰራ ማለት በር ተከፈተ ማለት አይደለም። የሚቀረው ፎልደር ሼር ማድረግ ነው፤ እድሜ የሚያሳጥረውም እሱ ነው።

እኔ ብሆን ፎልደሩን የምከፍተው አዲሱ ላይ ነው፤ ከአሮጌው ወደዚያ ትገፊያለሽ። አዲሱ ላይ የተገናኘሽበትን ዋይፋይ ንብረቱን ክፈቺና «ፐብሊክ» የሚለውን ወደ «ፕራይቬት» ቀይሪው። ፐብሊክ ማለት ኮምፒውተሩ ካፌ ውስጥ ያለ ይመስለዋል ማለት ነው፤ ማንንም አያስገባም። አሮጌው ሲጠይቅሽ «ሆም» ወይም «ወርክ» በይው። ከዚያ አዲሱ ላይ ፎልደር ፍጠሪ፣ ስሙን «ሰርግ» በይው፤ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ።

ቀጥሎ የምነግርሽ ነገር ስንት ሰው እንዳንከራተተ! አሮጌው «ስምና ፓስወርድ አስገቢ» ይልሻል። ወንድምሽ አዲሱን የሚከፍተው በፒን ነው እንበል፤ አራት ቁጥር። ያንን ፒን ብታስገቢ አይሰራም። ደጋግመሽ ብታስገቢም አይሰራም። ፒን የሚያገለግለው ኮምፒውተሩ ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ በኔትዎርክ የሚመጣ ሰው በፒን አይገባም። ፓስወርድ የሌለው አካውንት ከሆነም ዊንዶውስ ባዶ እጁን በኔትዎርክ የመጣ ሰው አያስገባም። ስለዚህ አዲሱ ላይ ለዚሁ ስራ ብቻ የሚሆን አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሪ። አካውንትስ፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች ውስጥ ገብተሽ፣ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት የሚለውን ምረጪ። ስሙን «ስቱዲዮ» በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ፣ ፓስወርድ ስጪው። ከዚያ «ሰርግ» የሚለውን ፎልደር ለዚህ ተጠቃሚ ሼር አድርጊ፤ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ፍቀጂለት። መጻፍ ካልፈቀድሽ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፋይል ግን አይገባም።

አሮጌው ላይ ኔትዎርክ የሚለውን ከፍተሽ የአዲሱ ስም እስኪመጣ አትጠብቂ። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይኮራል። በቁጥር ጥሪው። አዲሱ ላይ የዋይፋዩ ንብረት መጨረሻ ላይ የአይፒ ቁጥሩ አለ፤ ኮምፒውተሩ በኔትዎርክ ላይ የሚጠራበት አድራሻ ነው። ለምሳሌ 192.168.43.57 ቢሆን፣ አሮጌው ላይ ማንኛውንም ፎልደር ከፍተሽ ላይኛው የአድራሻ መስመር ላይ \\192.168.43.57 ብለሽ ኢንተር በይ። ሁለቱ መስመሮች ወደ ኋላ የተጋደሙት ናቸው፤ ሌላኞቹን ከጻፍሽ ብራውዘር ሊከፍትልሽ ይችላል። ስም ሲጠይቅ የአዲሱን ኮምፒውተር ስም፣ አንድ የተጋደመ መስመር፣ ከዚያ የተጠቃሚውን ስም። ፓስወርድ። ገባሽ።

ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን ቁም ነገር አለው። ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚሰጠው አለቃ ስላጣ ለራሱ ቁጥር አወጣ ማለት ነው። ከሆትስፖቱ አላቅቂውና እንደገና አገናኚው። ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥር ይዘው አሁንም የማይተያዩ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ስልክ ራሱ ላይ የተገናኙትን እርስ በርስ አያነጋግርም። በወንድምሽ ስልክ ሞክሪ።

አሁን ደግሞ ደስ የማይል ወሬ፤ ጊዜው። የድሮውን የድሬ ባቡር አስቢው። ሃዲዱ ነጠላ ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣና ወደ ጅቡቲ የሚሄድ መንገድ ላይ መተላለፍ አይችሉም፤ አንዱ ጣቢያ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ዋይፋይም እንደዚያው ነው። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ነው። ስልኩ መሃል ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ፋይል ሃዲዱን ሁለት ጊዜ ይይዛል፤ አንዴ ከአሮጌው ወደ ስልኩ፣ አንዴ ከስልኩ ወደ አዲሱ። ፍጥነቱ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ 2.4 ላይ «72 ሜጋቢት» ብሎ ሊያሳይሽ ይችላል። ከዚያ እጅሽ የሚገባው ግማሹ ያህል ነው። በስልክ ሲያልፍ ደግሞ የዚያ ግማሽ፤ 18 ሜጋቢት ያህል። 8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ስለሆነ በሴኮንድ 2 ሜጋባይት አካባቢ ነው። 60 ጊጋ በዚህ ሂሳብ ከ8 ሰዓት በላይ ነው። ማታ አስጀምረሽ ተኚ።

ስትተኚ ግን ክዳኑን እንዳትዘጊ። አንድ ጊዜ ለደንበኛ 40 ጊጋ በዋይፋይ እያሻገርኩ፣ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲብስ እንደ ድሬ ደንብ ሱቁን ዘግተን ወጣን። ረዳቴ ልጅ ጠንቃቃ ነው። አቧራ እንዳይገባበት ብሎ የአሮጌውን ክዳን ከደነው። ከሰዓት ስንመለስ 9 በመቶ ላይ ቆሟል፤ እኛ ስናርፍ እሱም አርፏል። ልጁን ምን እለዋለሁ፣ አቧራው እንደሆነ አልገባም። ስለዚህ ሁለቱንም ቻርጀር ላይ ሰኪ፣ እንቅልፉንም ከፓወር ሴቲንግ አጥፊው። መሃል ላይ ቢቋረጥ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ ሮቦኮፒ የሚባል መገልበጫ አለ፤ የተሻገረውን እየዘለለ የቀረውን ይቀጥላል። ፎቶዎቹ በሺዎች ከሆኑ መጀመሪያ በአንድ ዚፕ ጠቅልያቸው። ትናንሽ ፋይል ሲበዛ በእያንዳንዱ ላይ ሰላምታና ስንብት አለ፤ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

እና አሁን እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ምን አደርጋለሁ? 60 ጊጋውን በዋይፋይ አላሻግርም። ሁለቱን ላፕቶፕ አንድ ጠረጴዛ ላይ አመጣና በኔትዎርክ ኬብል አገናኛለሁ። አዲሱ ቀጭን ከሆነ የኬብል ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል፤ ከዩኤስቢ ወደ ኔትዎርክ የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር አለ፤ እኛ ጋ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ብትወርጂ አታጪውም። ጊጋቢት የሚለውን ጠይቂ። አሮጌው 100 ሜጋቢት ብቻ ቢሆን እንኳ 60 ጊጋው በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልቃል። ሁለቱም ጊጋቢት ከሆኑ የሚያዘገየሽ ሃርድ ዲስኩ ነው እንጂ ኬብሉ አይደለም። ኬብል ላይ አለቃ የለም፣ ሃዲዱም መሄጃና መመለሻው ለየብቻ ነው። አይፒውን በእጅ ስጪያቸው፤ አንዱን 192.168.10.1፣ ሌላውን 192.168.10.2፣ ማስኩ (ከአይፒው ስር የሚሞላው ቁጥር) ለሁለቱም 255.255.255.0። ያ ኬብል እንደገባ የሚታየው ኔትዎርክ አዲሱ ላይ ፐብሊክ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ወደ ፕራይቬት ቀይሪው። ሌላው የፎልደርና የፓስወርድ ነገር ያልኩሽ ያው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ጫፉ ተመሳሳይ የሆነ ተራ የዩኤስቢ ገመድ ገዝተሽ ሁለቱን ላፕቶፕ እንዳታገናኚ። ኤሌክትሪክ ከኤሌክትሪክ ታጋጫለሽ፣ ቀዳዳውን ልታቃጥይው ትችያለሽ።

ለዘወትሩ ስራ ደግሞ ያገለገለ ራውተር ግዢ። ኢንተርኔት ባይኖረውም ግድ የለም። ሰው ራውተርን ከኢንተርኔት ጋር ስለሚያያይዘው ያለ ኢንተርኔት ዋጋ የለውም ብሎ ያስባል። ላንቺ የሚያስፈልግሽ አለቃነቱ ነው፤ አድራሻ ይሰጣል፣ ሁለቱን ያነጋግራል። ስልክሽም ነጻ ይወጣል። የወንድምሽን ላፕቶፕ በኬብል ራውተሩ ላይ ከሰካሽው በአየር የሚሄደው ያንቺ ብቻ ነው፤ ሃዲዱ አንዴ ብቻ ተያዘ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፖቹ ባትሪ አላቸው፣ ራውተሩ ግን የለውም። ብዙዎቹ ትናንሽ ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሰሩ ለእነሱ የሚሆን ትንሽ የባትሪ ሳጥን ይሸጣል። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት አይተሽ ግዢ።

ሰርጉ ሲሻገር አሮጌው ላይ ያለውን ወዲያው አታጥፊ። አዲሱ ላይ ሦስት አራት ቪዲዮ መሃላቸው ላይ ከፍተሽ እይ፣ የፎልደሩን መጠን በሁለቱም ላይ አስተያዪ። የሰው ሰርግ ነው፤ ሁለተኛ አይቀረጽም።

እንቢ ካለሽ መልሰሽ ጻፊልኝ። የሁለቱን ላፕቶፕ የአይፒ ቁጥር፣ የሚወጣውን የስህተት መልዕክት ቃል በቃል፣ እና አሮጌው ላይ የዋይፋይ ካርዱን ስም ላኪልኝ። መልዕክቱን በስልክሽ ፎቶ ብታነሺው ይበቃል፤ ፎቶ ማንሳቱን ለአንቺ አልነግርሽም።